በዕቅድ ሠንጠረዥ ላይ የሰፈረው የአፈር ውሃ ቁጥር ከየት ይመጣል?

የአንድ አካባቢ የእርሻ መሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲዘጋጅ የትኛው መሬት በዝናብ ብቻ ይታረስ፣ የትኛው በመስኖ ይልማ፣ የትኛው ለግጦሽ ወይም ለደን ይተው የሚለው ውሳኔ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በጥቂት ቁጥሮች ላይ ነው። ከእነዚህ መካከል እጅግ ወሳኝ ሆኖ ሳለ እጅግ ባነሰ ጥንቃቄ የሚታየው፣ አፈሩ ለሰብል የሚሆን ምን ያህል ውሃ ይዞ ማቆየት ይችላል የሚለው ቁጥር ነው። የዝናቡ መጠን በመለኪያ ጣቢያ ይመዘገባል፤ የመሬቱ ተዳፋት ከሳተላይት መረጃ ይሰላል፤ የአፈሩን ውሃ የመያዝ አቅም ግን በአብዛኛው ቦታ ማንም ለክቶት አያውቅም። በሠንጠረዡ ላይ የምናየው ግምት ነው። ግምት መሆኑ በራሱ ነውር የለበትም፤ ሰፊ መሬትን ማሳ በማሳ መለካት የሚቻል አይደለምና። ችግሩ የሚመጣው ግምቱ ከሠንጠረዥ ወደ ካርታ፣ ከካርታም ወደ ውሳኔ ሲሸጋገር የስህተት ክልሉን መንገድ ላይ ጥሎ፣ እንደተለካ ነገር ሆኖ ሲቀርብ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከሁለት ወሰኖች መነሳት ያስፈልጋል። አፈር ከባድ ዝናብ ጠጥቶ ሲጠግብ ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ውሃቸውን በስበት ኃይል ወደ ታች ይለቃሉ፤ ሁለትና ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ መፍሰሱ እጅግ ይቀንስና አፈሩ የያዘውን ይዞ ይቀመጣል። ተመራማሪዎቹ ቪሜየርና ሄንድሪክሰን በ1931 የማሳ ውሃ አቅም ብለው የገለጹት ይህንን መጠን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ውሃ የሚወስዱት የዕፅዋት ሥሮችና ትነት ናቸው። ውሃው እያነሰ ሲሄድ የቀረው በጠባብ ቀዳዳዎችና በቅንጣቶች ገጽ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ሥሩ ለመሳብ የሚያወጣው ኃይል ይጨምራል፤ በመጨረሻም ተክሉ ሌሊት እንኳ የማያገግምበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ይህ የጥውለጋ ነጥብ ይባላል፤ ብሪግስና ሻንትዝ በ1912 በብዙ የዕፅዋት ዓይነቶች ሞክረው፣ ነጥቡ ከተክሉ ዓይነት ይልቅ በአፈሩ ዓይነት እንደሚወሰን አሳይተዋል። በቤተ ሙከራ የላይኛው ወሰን በተለምዶ በ33 ኪሎፓስካል (ኪሎፓስካል የግፊት መለኪያ ነው)፣ ለአሸዋማ አፈር በ10 ኪሎፓስካል፣ የታችኛው ደግሞ በ1,500 ኪሎፓስካል የመሳብ ኃይል ይወከላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለሰብል የሚገኘው ውሃ ነው፤ ዕቅዱም የሚፈልገው እሱን ነው።

መለካቱ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። 100 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይዘት ያለው የብረት ቀለበት፣ አፈሩ ሳይታመስ ቀስ እየተባለ በመዶሻ ይገባል፤ ዙሪያው ተቆፍሮ ይወጣል፤ ከአፉ የተረፈው አፈር በቢላ እኩል ይቆረጣል። የቀለበቱ ክብደት ተቀንሶ ናሙናው 158 ግራም መዘነ እንበል። በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ 24 ሰዓት ቆይቶ ሲመዘን ደግሞ 130 ግራም ሆነ። የጠፋው 28 ግራም ውሃ ነው፤ አንድ ግራም ውሃ የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቦታ ስለሚይዝ ከአፈሩ ይዘት 28 በመቶው ውሃ ነበር ማለት ነው። የአፈሩ እፍጋት 130 ለ100 ሲካፈል 1.3 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚፈጸም ስህተት አለ። 28 ለ130 ቢካፈል 21.5 በመቶ ይሰጣል፤ ይህም ትክክለኛ ቁጥር ነው፣ ነገር ግን በክብደት የተሰላ እርጥበት ነው። ዕቅድ አውጪው የሚያስፈልገው በይዘት የተሰላው ነው፤ ምክንያቱም ከዝናብ ጋር በአንድ መስፈሪያ፣ በሚሊ ሜትር፣ ሊወዳደር የሚችለው እሱ ብቻ ነው። 28 በመቶ በይዘት ማለት በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ 280 ሚሊ ሜትር ውሃ አለ ማለት ነው። ሁለቱን ያምታታ ዘገባ ገና ከመነሻው ሩብ ለሚጠጋ ጉድለት ተዳርጓል፤ ይህንንም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማናቸውም የረቀቀ ሞዴል አያርመውም።

ወሰኖቹን በቤተ ሙከራ መለካት ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው። ናሙናው በግፊት ሳህን ላይ ተቀምጦ በ1,500 ኪሎፓስካል ውሃውን ለቆ እስኪረጋ ድረስ ቀናት፣ ለሸክላ አፈር ደግሞ ሳምንታት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በቀላሉ ከሚገኘው መረጃ ተነስተው በቀላሉ የማይገኘውን የሚያሰሉ ቀመሮችን ሠርተዋል። የኔዘርላንዱ የአፈር ተመራማሪ ዮሃን ባውማ በ1989 ያለንን መረጃ ወደሚያስፈልገን መረጃ የመለወጫ መንገድ አድርጎ የገለጻቸው እነዚህ ቀመሮች ፔዶትራንስፈር ቀመሮች ተብለው ይታወቃሉ። አሠራራቸው ለመረዳት አያስቸግርም። በአንድ ወገን የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ ድርሻ፣ የኦርጋኒክ ቁስ መጠንና እፍጋት ይገባል፤ በሌላው ወገን በማሳ ውሃ አቅምና በጥውለጋ ነጥብ ላይ ያለው እርጥበት ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ትስስር የተገኘው ሁለቱም ወገኖች ከተለኩባቸው ብዙ ናሙናዎች በስታቲስቲክስ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒዩተር ትስስሩን ራሱ ከመረጃው በሚማርበት ዘዴ።

ትስስሩ መሠረት የሌለው አይደለም። የአሸዋ ቅንጣቶች ትልልቅ ስለሆኑ በመካከላቸው የሚቀረው ቀዳዳም ሰፊ ነው፤ ውሃው በስበት ኃይል ያመልጣል፤ በግርድፉ ሲታይ አሸዋማ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ከ50 እስከ 80 ሚሊ ሜትር የሚሆን ለሰብል የሚገኝ ውሃ ይይዛል። ደለል የበዛበት ድብልቅ አፈር ቀዳዳዎቹ መካከለኛ በመሆናቸው ወደ 200 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከባድ ሸክላ ከሁሉም የበለጠ ውሃ ይዞ ሳለ ከያዘው ውስጥ ብዙውን አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሰብሉ የሚያገኘው ከደለላማው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሸክላ ውሃ ይይዛል ከሚለው ተለምዷዊ አነጋገር ተነስቶ ሸክላ መሬትን ሁሉ ድርቅ የሚቋቋም አድርጎ የሚመድብ ዕቅድ፣ በመያዝና በመስጠት መካከል ያለውን ልዩነት ዘንግቷል።

ቀመር የሚያውቀው የተማረበትን አፈር ብቻ ነው። ሳክስተንና ራውልስ በ2006 ያወጡት፣ በዓለም ላይ እጅግ ከሚሠራባቸው ቀመሮች አንዱ የሆነው ሥራ፣ ከአሜሪካ አፈሮች የተገኘ ነው፤ አዘጋጆቹ ሲሠሩት ከ60 በመቶ በላይ ሸክላ ወይም ከ8 በመቶ በላይ ኦርጋኒክ ቁስ ያለባቸውን ናሙናዎች ሆን ብለው አስወጥተዋል። ይህንን በግልጽ ጽፈውታል። ሆኖም ቀመሩ ወደ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ከገባ በኋላ 70 በመቶ ሸክላ ያለው አፈር ቢቀርብለትም ያለ ማመንታት መልስ ይሰጣል፤ መልሱም እንደ ሌሎቹ ሁሉ አስርዮሽ ነጥብ ያለው፣ የሚታመን የሚመስል ቁጥር ነው።

ይህ ጉዳይ በተለይ በሐሩር አካባቢ አፈሮች ላይ ይከብዳል። ለረጅም ዘመን የታጠበው ቀይ አፈር፣ በሙያው ፌራልሶል የሚባለው፣ በቤተ ሙከራ ሲተነተን ከፍተኛ የሸክላ ድርሻ ያሳያል። ነገር ግን ካኦሊናይት የተባለው የሸክላ ማዕድኑ በብረትና በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ተያይዞ አሸዋ የሚያካክሉ ጥቃቅን ጓሎች ይሠራል። ስለዚህ በጓሎቹ መካከል ያለው ውሃ እንደ አሸዋ በፍጥነት ይወርዳል፤ በጓሎቹ ውስጥ ያለው ደግሞ እንደ ሸክላ ተጣብቆ ይቀራል፤ ለሰብል የሚተርፈው በመካከል ያለው ጥቂት ነው። በመካከለኛ የአየር ጠባይ አፈር ላይ የተሠራ ቀመር ይህንን የሸክላ ድርሻ አይቶ የሚተነብየው ከዚህ በጣም የተለየ ነገር ነው። ሆድኔትና ቶማሴላ በ2002 ለሐሩር አፈሮች የሚሆኑ ቀመሮችን ለብቻ ያወጡትም ልዩነቱ ችላ የሚባል ባለመሆኑ ነው። ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኙት አንዶሶሎች ደግሞ እፍጋታቸው ከ0.9 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከደረቁ በኋላም ወደ ቀድሞ ባሕርያቸው በሙሉ ስለማይመለሱ፣ ናሙናው ቤተ ሙከራ ከመድረሱ በፊት መድረቁ ብቻ ውጤቱን ያበላሸዋል። መረሬ አፈር፣ ቨርቲሶል፣ በሌላ መንገድ ያስቸግራል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል፤ እፍጋቱ ቋሚ አይደለም። የበጋው መጨረሻ ዝናብ በስንጥቁ ውስጥ በሰከንዶች ይወርዳል፤ ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ያው መሬት ውሃ አላሳልፍ ብሎ ይተኛል። ለእንዲህ ዓይነቱ አፈር አንድ የስርገት ቁጥር መስጠት ለሁለት የተለያዩ መሬቶች አማካይ እንደ መስጠት ነው።

ስለ ኦርጋኒክ ቁስም አንድ ነገር መባል አለበት፤ ብዙ ዕቅዶች በብስባሽና በፍግ አማካይነት የአፈሩ ውሃ የመያዝ አቅም በእጅጉ እንደሚያድግ አስበው ይነሳሉና። ሚናስኒና ማክብራትኒ በ2018 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ባደረጉት ትንተና፣ የአፈሩ ኦርጋኒክ ካርቦን በክብደት 1 በመቶ ሲጨምር ለሰብል የሚገኘው ውሃ በ100 ሚሊ ሜትር አፈር ውስጥ በአማካይ የሚጨምረው 1.16 ሚሊ ሜትር ብቻ እንደሆነ አግኝተዋል። የካርቦንን መጠን በ1 በመቶ ማሳደግ ደግሞ የብዙ ዓመታት ሥራ ነው። ብስባሽ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ዋናው ጥቅሙ የአፈሩን አወቃቀር አሻሽሎ ዝናቡ እንዲሰርግ፣ መሬቱ እንዳይታጠብ ማድረጉ ነው። ይህን ጥቅም ግን ውሃ በመያዝ አቅም ዓምድ ሥር ማስፈር ቁጥሩን ያለ ልክ ያሳድገዋል።

እስካሁን የተነሳው ስለ ቀመሩ ነበር። እንደ እኔ እምነት ግን ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው ከቀመሩ ውጭ ነው። አንድ ምሳሌ ሠርተን እንመልከት። ቀመሩ ለአንድ መሬት የማሳ ውሃ አቅም 28 በመቶ፣ የጥውለጋ ነጥብ 14 በመቶ ሰጠ እንበል። ልዩነቱ 14 በመቶ ነው፤ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ነው ተብሎ ሲሰላ 140 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰብሉ ሳይጎዳ ሊጠቀም የሚችለው ግማሹን ነው ብንል 70 ሚሊ ሜትር ይተርፋል፤ በቀን 5 ሚሊ ሜትር የሚጠጣ ሰብል ያለ ዝናብ 14 ቀን ይቆያል። አሁን አንድ ሰው አካፋ ይዞ ወደ ቦታው ሄዶ ጉድጓድ ይቆፍር። በ60 ሴንቲ ሜትር ላይ ሥር የማይበሳው ጠጣር ንጣፍ ያገኛል፤ ከላይ ካለው አፈርም ሩቡ ጠጠርና ድንጋይ ነው። የአፈር ቤተ ሙከራዎች ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ያለውን ሁሉ በወንፊት አጣርተው ከጣሉ በኋላ ስለሚሠሩ ይህ ድንጋይ በቀመሩ ውስጥ የለም። 140 በ0.6፣ ከዚያም በ0.75 ሲባዛ 63 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ግማሹ 31.5 ነው፤ ሰብሉ የሚቆየው 6 ቀን ነው። የቀመሩ ውጤት አልተነካም፤ 28ቱም 14ቱም እንዳሉ ናቸው። በዝናብ ወቅት መካከል የ10 ቀን ደረቅ ጊዜ ቢመጣ ግን በመጀመሪያው ሒሳብ ሰብሉ ሳይጎዳ ያልፋል፣ በሁለተኛው ይጎዳል። ያንን ልዩነት የሚያሳየው የተሻለ ቀመር ሳይሆን ጉድጓዱ ነው።

የቀመሩ የራሱ ስህተትም ቢሆን ቀላል አይደለም። በጥሩ ሁኔታ የተፈተኑ ቀመሮች የእርጥበት ግምታቸው ከተለካው ጋር ሲነጻጸር በአብዛኛው ከ3 እስከ 7 በመቶ በይዘት ይሳሳታል። 5 በመቶ ከ28 ጋር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ዕቅዱ የሚጠቀመው ግን ልዩነቱን ነው፤ ሁለቱ ወሰኖች እያንዳንዳቸው በ5 በመቶ ቢሳሳቱና ስህተቶቹ እርስ በርስ ባይያያዙ፣ የልዩነቱ ስህተት ወደ 7 በመቶ ያድጋል። ይህም የ14ቱ ግማሽ ነው። በተግባር ሁለቱ ብዙውን ጊዜ አብረው ወደ አንድ ጎን ስለሚያጋድሉ ስህተቱ ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ተቀናንሰው ትንሽ ቁጥር ሲወጣ ስህተቱ በትንሹ ቁጥር ላይ እንደሚከብድ መዘንጋት አይገባም።

ዛሬ ይህ ሁሉ ይበልጥ አንገብጋቢ የሆነው መረጃው በዝቶ ስለተገኘ ነው። ሶይልግሪድስን የመሰሉ ዓለም አቀፍ ዲጂታል ካርታዎች የአሸዋ፣ የሸክላ፣ የካርቦንና የእፍጋት ግምትን በስድስት የጥልቀት ደረጃዎች እስከ 2 ሜትር ድረስ ለማንም በነጻ ያቀርባሉ። መረጃ ፈጽሞ ላልነበረበት አካባቢ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። አንዱ የካርታ ነጥብ ግን 250 በ250 ሜትር፣ ማለትም 6.25 ሄክታር ነው፤ በዚያ ስፋት ውስጥ ከኮረብታው አናት ቀጭን አፈር ጀምሮ እስከ ግርጌው ጥልቅ ደለል ድረስ ብዙ ዓይነት መሬት ሊኖር ይችላል። በተጨማሪም ካርታው ራሱ ግምት ነው፤ በዚያ ላይ ቀመር ሲጨመርበት በግምት ላይ የተገነባ ግምት ይሆናል። አዘጋጆቹ ከእያንዳንዱ ግምት ጋር ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰኑንም አብረው ያወጣሉ። ዕቅድ አውጪው ግን የሚያወርደው አማካዩን ብቻ ከሆነ፣ አዘጋጆቹ በጥንቃቄ ያስቀመጡትን ማስጠንቀቂያ እዚያው ትቶት ይመጣል።

ሳተላይቶችስ ይህንን አይፈቱትም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። በ2009 የመጠቀው የአውሮፓው ስሞስም ሆነ በ2015 የመጠቀው የናሳው ስማፕ የአፈር እርጥበትን ይለካሉ፤ የሚያዩት ግን የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ምልከታቸው ስፋትም በአሥር ኪሎ ሜትሮች ይቆጠራል። ድርቅን ለመከታተል እጅግ ይጠቅማሉ፤ ሥሩ በሚደርስበት ጥልቀት አፈሩ ምን ያህል መያዝ ይችላል ለሚለው ግን መልስ አይሰጡም።

ውሃ የማስተላለፍ አቅምን በተመለከተ ግምቱ ከዚህም በላይ ይደክማል። ውሃ የጠገበ አፈር ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያሳልፍ የሚወስኑት ጥቂት ትልልቅ ቀዳዳዎች፣ የሥር መሄጃዎች፣ የምስጥና የትል ጉድጓዶች ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ከቅንጣት መጠን አይነበቡም። በአንድ ማሳ ውስጥ አሥር ሜትር ተራርቀው የተለኩ ሁለት ቦታዎች አንዱ ከሌላው አሥር እጥፍ ቢበልጥ የሚያስደንቅ አይደለም። የውሃ ማፋሰሻ ቦይ ወይም የመስኖ ዘዴ ከቀመር ብቻ በተገኘ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ መወሰን የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ሌላው በቂ ትኩረት ያላገኘው ነገር ዕቅዱ ራሱ ቁጥሩን የሚለውጠው መሆኑ ነው። ደን ወይም ግጦሽ የነበረ መሬት ሲታረስ ካርቦኑ ይቀንሳል፣ ጓሎቹ ይፈርሳሉ፤ ትራክተር ሲመላለስበት ማረሻ ከሚደርስበት በታች ያለው ንጣፍ ይጠቀጠቃል፣ ሥርም ውሃም አላሳልፍ ይላል። በደንነቱ ዘመን ከተወሰደ ናሙና የተሰላው አቅም ለእርሻነቱ ዘመን አይሠራም። መሬቱን ለእርሻ ተስማሚ ነው ያሰኘው ባሕርይ፣ እርሻው ሲጀመር አብሮ የሚጠፋ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቀመሮቹን መጣል መፍትሔ አይሆንም፤ በቦታው ላይ በተለኩ ጥቂት ነጥቦች ማረም ግን ይቻላል፤ መለካቱም ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የማሳ ውሃ አቅምን ለማግኘት ሁለት በሁለት ሜትር የሚሆን ቦታ በአፈር ክትር ተከቦ እስኪጠግብ ውሃ ይጠጣል፤ እንዳይተን በፕላስቲክ ይሸፈናል፤ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ፣ ለከባድ ሸክላ ዘግይቶ፣ በየጥልቀቱ በቀለበት ናሙና ይወሰዳል። የታችኛው ወሰን ደግሞ ዝናብ ቆሞ ሰብሉ የቻለውን ያህል ውሃ ስቦ በጠወለገበት ማሳ ላይ፣ ከሥሩ አካባቢ ከሚወሰድ ናሙና ይገኛል። የመጨረሻው ቁጥር ሥሩ በእርግጥ እስከየት እንደወረደና ምን ያህል እንደሳበ ስለሚናገር፣ ለዕቅድ ከግፊት ሳህኑ ውጤት ይበልጥ የቀረበ ነው። በየአፈር ዓይነቱ እንዲህ የተለኩ ነጥቦች ቀመሩ በየትኛው አፈር ላይ እንደሚያበዛ፣ በየትኛው እንደሚያሳንስ ያሳያሉ፤ ማስተካከያውም ለቀረው መሬት ይሠራል።

የት ይለካ የሚለው ጥያቄም መልስ አለው። ለአንድ የሰብል ዓይነት የተቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 60 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ግምቱ 150 ለሆነ መሬት የስህተት ክልሉ 30 ቢሆንም ውሳኔው አይለወጥም፤ 20 ለሆነውም እንዲሁ። ጉድጓድ መቆፈር ያለበት 63 ወይም 55 ተብሎ በተገመተው መሬት ላይ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ተስማሚ ነው ወይም አይደለም የሚለው ምደባ በስህተት ክልሉ ውስጥ ይዋልላል። መለካት የማይቻል ከሆነም ለእንዲህ ዓይነቱ መሬት የሚመረጠው አጠቃቀም በሚቀጥለው ዓመት ሊታረም የሚችል፣ እንደ ዓመታዊ ሰብል ያለ እንጂ፣ ቋሚ ተክል ወይም በኮንክሪት የተሠራ ቦይ ሊሆን አይገባም። በሠንጠረዡም ላይ 63 ተብሎ ብቻውን ከሚሰፍር ቁጥር ይልቅ፣ በአጠገቡ ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል፣ በየትኛው ቀመር እንደተሰላ፣ ጥልቀቱና ድንጋዩ በቦታው ታይቶ ይሁን ታስቦ፣ ናሙናውም መቼና ምን ላይ ሳለ ከመሬቱ እንደተወሰደ የሚናገሩ ዓምዶች ቢኖሩ፣ ከሌላ ክፍል መጥቶ ሠንጠረዡን የሚያነብ መሐንዲስ ወይም የግብርና ባለሙያ የትኛውን መሬት እንደገና ማየት እንዳለበት ማንንም ሳይጠይቅ ይረዳል።